ሀዋሳ ተመርቆ አሜሪካ ውስጥ በሐኪምነት ለመሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና የተመረቁ፣ ወይም ሪፈራል ውስጥ ኢንተርን ሆነው ገና ያልጨረሱ፣ አሜሪካ ሄደው በሙያቸው ለመሥራት የሚያስቡ ሐኪሞች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ስለ ፈተና ነው። ዓመት የሚበላው ግን ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ነውና መልሶቹ እዚያ ላይ ረዘም ይላሉ።

መንገዱ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ምን ይመስላል?

መጀመሪያ ከአሜሪካ የሐኪም ፈቃድ ፈተናዎች ስቴፕ 1 (መሠረታዊ ሳይንስ) እና ስቴፕ 2 ሲኬ (የክሊኒክ ዕውቀት) የሚባሉትን ሁለቱን ማለፍ አለ። ከዚያ የክሊኒክ ችሎታንና እንግሊዝኛን "ፓዝዌይስ" በሚባለው አሠራር ማሳየት፣ ዲግሪው እውነተኛ መሆኑንም ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ማስረጋገጥ ይከተላል። እነዚህ ሲሟሉ ፊላደልፊያ የሚገኘው፣ የውጭ ምሩቃንን ሰነድና ብቃት የሚያረጋግጠው ድርጅት ኢሲኤፍኤምጂ ሰርተፊኬት ይሰጣል። በሰርተፊኬቱ ለሬዚደንሲ፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ ለሚሰለጥኑበት የስፔሻሊቲ ሥልጠና ይወዳደራሉ። ሬዚደንሲ ሲገቡ የሥልጠና ፈቃድ ያገኛሉ፤ የመጨረሻውን ፈተና ስቴፕ 3ን አልፈው የሚፈለገውን የሥልጠና ዓመት ሲጨርሱ የግዛቱ የሕክምና ቦርድ ሙሉ ፈቃድ ይሰጣል።

የኢሲኤፍኤምጂ ሰርተፊኬት ካለኝ በሽተኛ ማየት እችላለሁ?

አይችሉም። ሰርተፊኬቱ ለሬዚደንሲ መወዳደሪያ ነው እንጂ የሥራ ፈቃድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ አንድ አገር አቀፍ የሐኪም ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ሰጪው እያንዳንዱ ግዛት ነው። ያለ ፈቃድ ማከም ወንጀል ነው፤ ለጎረቤት በውለታ መድኃኒት መጻፍም ጭምር።

መቼ ልጀምር?

ከመስከረም ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ሬዚደንሲ የሚጀመረው ጁላይ 1 ማለትም ሰኔ 24 ነው። አመልካችና የሬዚደንሲ ፕሮግራም የሚጣመሩበት የማች ውጤት የሚወጣው በማርች ሦስተኛው አርብ ሲሆን በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት 6 እስከ 12 ባለው ውስጥ ይውላል። አመልካቾችና ፕሮግራሞች አንዱ ሌላውን በምርጫ ቅደም ተከተል የሚያስቀምጡበት የደረጃ ዝርዝር የሚዘጋው የካቲት ማብቂያ አካባቢ ነው። ቃለ መጠይቁ ከጥቅምት እስከ ጥር ይዘልቃል፤ ማመልከቻው መስከረም ላይ ይገባል። ስለዚህ የስቴፕ 2 ሲኬ ውጤት ነሐሴ ላይ በእጅ መኖር አለበት። ውጤት ለመውጣት ሳምንታት ስለሚወስድ ፈተናው ቢዘገይ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ማለቅ ይኖርበታል።

ጥቅምት ላይ ማመልከት ደንቡ አይከለክልም። ግን ፕሮግራሞች ማመልከቻ ማየት የሚጀምሩት በመስከረም አጋማሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ የደረሰ ፋይል ብዙ ጊዜ ሳይከፈት ይቀራል። ሥራ ላይ ሆኖ የሚያጠና ጠቅላላ ሐኪም ከመጀመሪያው ምዝገባ እስከ ሬዚደንሲ መግቢያ ሦስት ዓመት ገደማ ቢያስብ ይሻለዋል።

ተማሪ ሳለሁ መፈተን እችላለሁ?

ሁለት የሕክምና ትምህርት ዓመት ያጠናቀቀና ትምህርቱን በመከታተል ላይ ያለ ተማሪ ስቴፕ 1ን መፈተን ይችላል። ባዮኬሚስትሪና ፊዚዮሎጂ ሳይረሱ፣ ማለትም ከፒሲ-2 (ከሁለተኛው የቅድመ ክሊኒክ ዓመት) በኋላ ብዙ ሳይቆዩ የሚፈተኑ ሰዎች የሚያተርፉት ጊዜ ቀላል አይደለም። ሁለት ዓመት ወረዳ ሆስፒታል ሠርቶ ወደ ክሬብስ ሳይክል መመለስ ከባድ ነው።

ስሜ በሰነዶቼ ላይ የተለያየ አጻጻፍ አለው። ችግር ይሆናል?

ይሆናል፤ ከሁሉ በላይ ሰው የሚያደናቅፈው ይኸው ነው። በግእዝ ፊደል አንድ የሆነ ስም በላቲን ሲጻፍ ሦስት ዓይነት ይወጣል። ጸጋዬን አንዱ ጸሐፊ በ"ቲኤስ" ይጀምረዋል፣ ሌላው በ"ቲዜድ"። ጌታቸው መጨረሻ ላይ "ደብልዩ" አንዱ ጋ አለ፣ ሌላው ጋ የለም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀት አንድ፣ ትራንስክሪፕት ሌላ፣ ፓስፖርት ሦስተኛ ይሆናል።

ደንቡ ቀላል ነው፤ ወሳኙ ፓስፖርቱ ነው። በኢሲኤፍኤምጂ የሚመዘገበው ስም፣ የፈተና ፈቃዱ ላይ ያለው ስምና ፈተና ጣቢያ የሚያሳዩት ፓስፖርት አንድ መሆን አለባቸው። ካልተመሳሰሉ ጣቢያው ሊመልስዎ ይችላል፤ ክፍያውም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ፓስፖርት ገና ካላወጡ መጀመሪያ ዲግሪዎ ላይ ያለውን አጻጻፍ ይዩና ፓስፖርቱን በዚያው ያስወጡ። ፓስፖርት ካለዎትና ዲግሪው ከተለየ፣ ሬጅስትራር ሄደው ዲግሪው እንዲታረም መጠየቅ ወይም ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳ ሕጋዊ ሰነድ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ይህን ከማመልከቻው በፊት ይጨርሱት፤ ማረጋገጫው ተጀምሮ መሃል ላይ ከታወቀ ፋይሉ ይቆማል።

ሌላው የአያት ስም ጉዳይ ነው። አሜሪካ "የቤተሰብ ስም" ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የለንም። ፎርሙ ላይ የራስዎን አስተሳሰብ አይጻፉ፤ ፓስፖርቱ በዚያ ቦታ ላይ ያሰፈረውን እንዳለ ይገልብጡ። አንድ ፎርም ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት ስም ያስገባ ሰው በሥርዓቱ ውስጥ ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል።

የተመረቅሁበት ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ስንት ልደምር?

ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ ስምንት ዓመት ይደመራል። ሁልጊዜ ስምንት የሚደምር ሰው ኅዳር 2014 መመረቁን ኖቬምበር 2022 ብሎ ይጽፋል፤ ትክክለኛው ኖቬምበር 2021 ነው። ዩኒቨርሲቲው ለኢሲኤፍኤምጂ ሲያረጋግጥ የሚሞላው ቀን እርስዎ ከሞሉት ጋር ካልገጠመ ጥያቄ ይነሣል። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው፤ ወሩንና ቀኑን ጭምር እንጂ ዓመቱን ብቻ አይቀይሩ። ትራንስክሪፕቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ከሬጅስትራር ጠይቀው ይወቁ፤ አንዳንዱ ገጽ ላይ ሁለቱም ተቀላቅለው ይገኛሉ።

ኦሪጅናል ዲግሪዬ እጄ ላይ የለም። ምን ላድርግ?

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ኦሪጅናሉን ለማውጣት የወጪ መጋራት ዕዳው መዘጋት አለበት፤ ክሊራንሱም ጊዜ ይወስዳል። ቴምፖራሪ ዲግሪ አገር ውስጥ ሥራ ያስይዛል፤ ለኢሲኤፍኤምጂ ግን የመጨረሻው ዲግሪ ነው የሚፈለገው። ከአገር ከወጡ በኋላ ይህን በስልክ ማስጨረስ አድካሚ ስለሆነ ለፈተና ከመመዝገብ በፊት ይጀምሩት።

ዲግሪውን ለኢሲኤፍኤምጂ የሚያስረክቡት እርስዎ አይደሉም ማለት ይቻላል። እርስዎ ቅጂውን ማይኢንቴልዝ በሚባለው የኢሲኤፍኤምጂ ድረ ገጽ መግቢያ ይጭናሉ፤ እነሱ በቀጥታ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤቱ ይልኩና እዚያ ያለ ኃላፊ ያረጋግጣል። መልስ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ኃላፊው ተቀይሮ ወይም ኢሜይሉ የማይከፈት ሆኖ ወራት ያልፋሉ። ስለዚህ ጥያቄው በተላከ ሳምንት ዲን ቢሮ ቀርበው "ከኢሲኤፍኤምጂ የመጣ አለ?" ብለው በትሕትና ይጠይቁ። ኢሲኤፍኤምጂ አሜሪካ ሆኖ የሀዋሳን ሬጅስትራር ሊያስታውስ አይመጣም።

ማንነቴን በቪዲዮ አረጋግጥ አሉኝ።

በኢንተርኔት የሚገናኝ ኖተሪ (ሕጋዊ ሰነድ አረጋጋጭ) ፓስፖርትዎን እያየ ያረጋግጣል። ፓስፖርቱ ጊዜው ያላለፈበት መሆን አለበት። መብራት በማይጠፋበትና ኔትወርክ በማይቆራረጥበት ቦታ ይሁኑ፤ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ቀጠሮ እንደገና መያዝ ያስፈልጋል።

ስቴፕ 1 ምን ያህል ይከብዳል?

ስምንት ሰዓት የሚወስድ የአንድ ቀን የኮምፒውተር ፈተና ነው፤ ከ280 የማይበልጡ ጥያቄዎች አሉት። ከጃንዋሪ 26 ቀን 2022 ወዲህ ነጥብ አይሰጥበትም፤ "አልፏል" ወይም "ወድቋል" ብቻ ነው። ይህ ስቴፕ 1ን ቀላል አላደረገውም፤ ሸክሙን ወደ ስቴፕ 2 ሲኬ ነው ያዞረው። ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ ከተማሩት በመጀመሪያ ሙከራ የሚያልፉት በቅርብ ዓመታት ከመቶ 70 እስከ 75 ገደማ ናቸው።

እዚህ የተማረ ሐኪም በተላላፊ በሽታ አይታማም። የሚቸገረው ባዮስታቲስቲክስ፣ ጄኔቲክስ፣ ባዮኬሚስትሪና ሥነ ምግባር ላይ ነው። በተለይ ሥነ ምግባሩ ከአስተዳደጋችን ጋር ይጋጫል። እኛ ዘንድ ካንሰር ያለበት አባት ቢኖር ሐኪሙ መጀመሪያ ልጆቹን ጠርቶ ይነግራል፤ ይህም እንደ ደግነት ይቆጠራል። ፈተናው ላይ ይህን የመረጠ ነጥብ ያጣል፤ መልሱ ለታካሚው ለራሱ መንገር፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ መጠየቅ፣ ያለ ፈቃዱ ለቤተሰብ አለመናገር ነው። ትኩሳት ያለበት ሕፃን ሲቀርብም በመጀመሪያ ወባን የሚያስብ አእምሮ፣ ጥያቄው ላይ የጉዞ ታሪክ እስካልተጻፈ ድረስ ወባን ወደ ኋላ ማድረግ ይኖርበታል።

የጥያቄ ባንክ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም፤ ዩወርልድ የተባለውን ባንክ የሚገዙ ሰዎች የሚከፍሉት ለጊዜ ስለሆነ፣ መብራትና ኔትወርክ የጠፋበት ሳምንት የከፈሉበት ሳምንት ነው። መጀመሪያ የመዘጋጃ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ያንብቡ፣ ከዚያ ባንኩን ይግዙ። ከፈተናው አዘጋጆች አንዱ የሆነው የኤንቢኤምኢ መለማመጃ ፈተና የማለፍ ዕድልን በመቶኛ ይነግራል፤ በሁለት ተከታታይ መለማመጃ ላይ አስተማማኝ ካልሆነ ቀኑን ማዛወር ይሻላል። ለማዛወር የሚከፈለው ከመውደቅ ዋጋ ጋር አይነጻጸርም።

ብወድቅ ስንት ጊዜ መድገም እችላለሁ? ቅደም ተከተሉስ?

እያንዳንዱ ስቴፕ ከአራት ጊዜ በላይ አይፈተንም፤ ያልተጠናቀቀውም ሙከራ ይቆጠራል። ያለፉበትን ፈተና ነጥብ ለማሻሻል መድገም አይፈቀድም። ስቴፕ 1ና 2ን በፈለጉት ቅደም ተከተል መፈተን ይቻላል፤ ለሰርተፊኬት ግን ሁለቱም በሰባት ዓመት ውስጥ መታለፍ አለባቸው። ስቴፕ 2 ሲኬ የዘጠኝ ሰዓት ፈተና ነው፤ ማለፊያው ከጁላይ 2025 ጀምሮ 218 ነው። 218 ያሳልፋል እንጂ ሬዚደንሲ አያስገባም ማለት ግን ማጋነን አይሆንም።

ቴሌግራም ላይ "የወጡ ጥያቄዎች" ይሸጣሉ።

አይግዙ፣ አይቀላቀሉ። ጃንዋሪ 2024 ላይ የፈተናው አዘጋጅ ከኔፓል ጋር የተያያዙ የበርካታ ተፈታኞችን ውጤት ሰርዟል፤ ምክንያቱ ያልተለመደ የውጤት አካሄድ ነበር። ውጤት ከተሰረዘ ዓመታት የፈጀው ድካም ሁሉ ይጠረጠራል፤ በመዝገብ ላይ የሚሰፍር "ያልተገባ ድርጊት" ማስታወሻም ከእያንዳንዱ ግዛት ቦርድ ፊት ይቀርባል።

ፓዝዌይስ እና ኦኢቲ ምንድን ናቸው?

ድሮ አሜሪካ ሄደው በተዋናይ ታካሚ የሚፈተኑት ስቴፕ 2 ሲኤስ ነበር፤ በጃንዋሪ 2021 ቀረ። በምትኩ የመጡት ስድስት ፓዝዌዮች ናቸው። በአገሩ ያለ ተቆጣጣሪ የመሥራት ሙሉ ፈቃድ ያለው ጠቅላላ ሐኪም ፓዝዌይ 1ን ያያል፤ ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ራሱ ለኢሲኤፍኤምጂ ያረጋግጣል። ፈቃድ የሌለውና ከሌሎቹ ጋር የማይገጥም ሰው የሚቀርለት ፓዝዌይ 6 ነው፤ ፈቃድ ያላቸው ሐኪሞች በስድስት የታካሚ ግንኙነት ላይ እያዩ ይመዝኑታል። ማመልከቻው በየውድድር ዘመኑ ቀነ ገደብ አለው፤ በቅርብ ዓመታት ጃንዋሪ 31 ነበር።

ኦኢቲ በሕክምና ዘርፍ የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። ማዳመጥ፣ ማንበብና መናገር ላይ ቢያንስ 350፣ መጻፍ ላይ 300 ያስፈልጋል፤ ሁሉም በአንድ ፈተና ላይ መገኘት አለበት። የመጻፉ ክፍል አምስት ደቂቃ ማንበቢያና አርባ ደቂቃ መጻፊያ ያለው ብዙ ጊዜ የሪፈር ደብዳቤ ነው። የእኛ ሰዎች የሚሳሳቱት የተሰጣቸውን የታካሚ መረጃ ሁሉ ደብዳቤው ውስጥ በመደርደር ነው። ተቀባዩ ሐኪም ለማከም የማያስፈልገውን መተው እንደ ስንፍና ሳይሆን እንደ ችሎታ ይቆጠራል፤ ከ180 እስከ 200 ቃል ይበቃል። ማዳመጥ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ክፍል ይፈጥናል፤ የታካሚውን ቃል እንደ ተናገረው መጻፍ እንጂ በሕክምና ቃል መተርጎም ጊዜ ያባክናል።

ወጪው ስንት ነው?

እያንዳንዱ ስቴፕ ከነውጭ አገር ተጨማሪ ክፍያው ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። ኦኢቲ ከ500 የአውስትራሊያ ዶላር ያልፋል። ኢራስ በሚባለው የማመልከቻ ሥርዓት በቅርብ ዓመታት ለመጀመሪያዎቹ 30 ፕሮግራሞች በአንድ ዘርፍ በእያንዳንዱ 11 ዶላር፣ ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ 30 ዶላር ነው። ለ100 ፕሮግራም ያመለከተ ሰው 330 እና 2,100፣ ድምር 2,430 ዶላር ይከፍላል። ሁሉም ተደምሮ፣ ያለ ጉዞና ያለ ቪዛ፣ ከ5,000 እስከ 7,000 ዶላር ይደርሳል። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ በጠቅላላ ሐኪም ደመወዝ የሚሸፈን አልሆነም። ክፍያው በዓለም አቀፍ ካርድ ስለሆነ፣ የሚከፍልልዎት ዘመድ ካለ ካርዱ ገደብ እንዳለው አስቀድመው ይጠይቁ።

ቃለ መጠይቁ በስንት ሰዓት ነው?

ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ሰው ግን ይቀራል። ኖቬምበር ላይ የአሜሪካ ሰዓት ከተቀየረ በኋላ ኒውዮርክ ጠዋት 9 ሲል ሀዋሳ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ከመቀየሩ በፊት ከሆነ ከቀኑ 10 ሰዓት። ካሊፎርኒያ ጠዋት 9 ሲል ደግሞ ሀዋሳ ምሽት 2 ሰዓት ይሆናል። ግብዣው ላይ የተጻፈውን የሰዓት ክልል ያንብቡ፤ መጀመሪያ በፈረንጅ ሰዓት ይቀይሩ፣ ከዚያ ስድስት ይቀንሱ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ከራስ ማስላት ነው የሚያሳስተው። ምሽቱ መብራት የሚጠፋበት ሰዓት ስለሆነ ቻርጅ ያለው ላፕቶፕና የስልክ ዳታ በተጠንቀቅ ይኑር።

ከተመረቅሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ አልፎብኛል?

ደንብ አይከለክልም። ብዙ ፕሮግራሞች ግን ከአምስት ዓመት በላይ የቆየን አመልካች በማጣሪያ ያስቀራሉ። ሪፈራል ወይም ጤና ጣቢያ ያለማቋረጥ የሠራ ሰው ያለ ሥራ ለጥናት ከተቀመጠው የተሻለ ፋይል አለው። የአሜሪካ ዜጋ ያልሆኑ የውጭ ምሩቃን በ2024 ከተወዳደሩት ውስጥ ቦታ ያገኙት ከመቶ 58 ገደማ ናቸው። ውስጥ ደዌ፣ ቤተሰብ ሕክምናና ሕፃናት የተሻለ በር አላቸው፤ ቆዳና አጥንት ቀዶ ሕክምና በጣም ጠባብ ናቸው።

ቪዛው እንዴት ነው?

አብዛኛው ሰው የሚሄደው ጄ-1 በሚባለው የሥልጠና ቪዛ ነው። ስፖንሰሩ ኢሲኤፍኤምጂ ሲሆን ከጤና ሚኒስቴር "ስቴትመንት ኦፍ ኒድ" የተባለ ደብዳቤ ይፈልጋል። ደብዳቤው በተወሰነ ቃል መጻፍ አለበት፤ የተጠቀሰው የሥልጠና ዘርፍም ከማቹ ጋር አንድ መሆን አለበት። "ውስጥ ደዌ" ብሎ ጽፎ በኋላ ወደ ሌላ የሚዛወር ሰው አዲስ ደብዳቤ ያስፈልገዋል። ከሀዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ናሙናውን አትመው ይዘው ይሂዱ፤ አንድ ቃል ጎደለ ተብሎ መመለስ የተለመደ ነው። የማች ውጤት በወጣ በማግስቱ ይጀምሩ፤ እስከ ሰኔ 24 ያለው ጊዜ አጭር ነው።

የጄ-1 ግዴታ ከሥልጠና በኋላ ለሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስ ነው። ከ1994 ጀምሮ ባለው የኮንራድ ፕሮግራም እያንዳንዱ ግዛት በዓመት እስከ 30 ሐኪሞችን፣ ሐኪም በሚያጥርበት አካባቢ ሦስት ዓመት ሊሠሩ ሲስማሙ፣ ከግዴታው ነጻ ሊያስደርግ ይችላል። ኤች-1ቢ የሚባለው የሥራ ቪዛ ይህ ግዴታ የለበትም፤ ግን አስቀድሞ ስቴፕ 3ን ማለፍ ይጠይቃል። ሴፕቴምበር 2025 ላይ ደግሞ በአዲስ ማመልከቻ ላይ 100,000 ዶላር ስለተጣለበት ከውጭ አገር ለሚያመለክት ሬዚደንት በጣም ጠበበ። በዲቪ ወይም በቤተሰብ የሚሄድ ሰው ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው፤ ፈተናውና ሬዚደንሲው ግን አይቀርለትም።

እዚህ ስፔሻሊስት ነኝ። ሬዚደንሲ እንደገና?

አብዛኛውን ጊዜ አዎን፤ ከመጀመሪያው ዓመት። ራዲዮሎጂና ሰመመን ሕክምና ለውጭ ስፔሻሊስቶች የተለየ የአራት ዓመት መንገድ አላቸው፤ እሱም ቢሆን ፈቃደኛ ተቋም ማግኘትን ይጠይቃል። ቴኔሲ በ2023 ሬዚደንሲ ሳይደግሙ ጊዜያዊ ፈቃድ የሚሰጥበትን ሕግ አወጣች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከትለዋል። እንደነዚህ ያሉ ሕጎች ሥራ የሚሰጥ ሆስፒታልን አስቀድመው ስለሚጠይቁ ሕጉ መኖሩ ብቻ በር አይከፍትም። ኢትዮጵያውያን የሚበዙባት ሚኒሶታ በ2015 ለውጭ ምሩቃን የድጋፍ ፕሮግራም በሕግ አቋቁማለች፤ እዚያ የሚኖር ሰው መጀመሪያ እሱን ያንኳኳ።

ሙሉ ፈቃድ መቼ አገኛለሁ?

እንደ ግዛቱ ይለያያል፤ ከውጭ ለተማረ ሰው ብዙዎቹ ከሁለት እስከ ሦስት የሬዚደንሲ ዓመት ይጠይቃሉ። ሁሉንም ስቴፖች በሰባት ወይም በአሥር ዓመት ውስጥ መጨረስን የሚጠይቁም አሉ፤ ስለዚህ ስቴፕ 3ን ለመጨረሻ ዓመት አያቆዩት። ፈቃድና የቦርድ ሰርተፊኬት ይለያያሉ፤ ፈቃዱ ሕግ ነው፣ የቦርድ ሰርተፊኬቱ ደግሞ ቀጣሪ የሚፈልገው የዘርፍ ማረጋገጫ ነው።

ከሄድኩ በኋላ ከሀዋሳ ሌላ ሰነድ ያስፈልገኛል?

ያስፈልጋል። የግዛቱ ቦርድ ዲግሪና ትራንስክሪፕትን እንደገና ከምንጩ ይጠይቃል። የሰነድ ማጠራቀሚያ የሆነውን ኤፍሲቪኤስን አንድ ጊዜ ከሞሉ ለሌሎች ግዛቶች ያገለግላል። ከመሄድዎ በፊት ለቅርብ ሰው በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ውክልና ይስጡ፤ ውክልናው ላይ "ከዩኒቨርሲቲው ሰነድ ማውጣትና መላክ" የሚለው በግልጽ ይጻፍ። "በማናቸውም ጉዳይ" የሚል ብቻ ከሆነ ሬጅስትራሩ ሊመልሰው ይችላል። የታሸገና ማህተም ያለበት ትራንስክሪፕት አራት አምስት ያስወጡ፤ ፖስታውን ማንም እንዳይከፍተው ለቤተሰብ ይንገሩ፤ የተከፈተ ፖስታ ተቀባይነት የለውም።